ክር ከ9 ወደ 10 ሲቀየር ቅኝት የማይይዝ ጊታርና የደከመ የአንገት ፒክአፕ፦ ከየት ይጀመር?

ስድስተኛ_ክር

ሰላም ለሁላችሁ። ጊታሩ የስትራቶካስተር ዓይነት ነው፤ ሦስት ነጠላ ኮይል ፒክአፕ (የክሩን ርግብግቢት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር፣ በማግኔት ዙሪያ የተጠቀለለ ሽቦ)፣ ባለ አምስት ቦታ መምረጫ፣ በሁለት ብሎን የቆመ ትሬሞሎ ብሪጅ አለው። ክሩ ከ9–42 ወደ 10–46 ተቀይሯል (ቁጥሮቹ የቀጭኑና የወፍራሙ ክር ውፍረት በሺኛ ኢንች ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ክሮቹ ከፍሬቱ (አንገቱ ላይ ካሉት አግድም ብረቶች) ርቀዋል፣ ብሪጁም ወደ ፊት አጋድሏል።

3ኛው ክር (ጂ) ሲቃኝ «ጢን» ይልና ቱነሩ ላይ ዘሎ ያልፋል። ቤንድ አድርጌ (በጣት ወደ ጎን ገፍቼ) ስለቀው ዝቅ ብሎ ይቀራል። 6ኛውንና 5ኛውን ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ይዤ ስመታ ደግሞ ቱነሩ አይረጋም፤ ድምፁ በጆሮም ሲወዛወዝ ይሰማል። የ6ኛው ሳድል (ብሪጁ ላይ ክሩ የሚያርፍበት ተንቀሳቃሽ ብረት) ሞላው ተጨምቆ እስኪያልቅ ወደ ኋላ ተስቧል፣ ለውጥ የለም።

የአንገት ፒክአፑ (5ኛ ቦታ) ደካማና ቀጭን ነው፣ ቤዝ የሚባል የለውም፤ ድምፁ እንዲጨምር ተብሎ ወደ ክሮቹ ተጠግቷል። ሁምም (የኤሌክትሪክ እምምታ) አለ። ክሮቹን በእጅ ስነካ ይቀንሳል፤ መምረጫው 2ኛ ቦታ ላይ ሲሆን ይጠፋል፣ 4ኛ ቦታ ላይ ግን እንዳለ ነው። እጄ ላይ ካቻቪቴ፣ የአለን ቁልፍ፣ ቴስተርና የሚሊሜትር ማስመሪያ አለ። ከየት ልጀምር?


ሮዝውድ

ሰላም ወንድሜ። ዝርዝሩ ብዙ ይምሰል እንጂ አንዱ አንዱን እየጎተተ የመጣ ነው። የኤሌክትሪኩን ለሚያውቁት ልተውና የእንጨቱንና የብረቱን ልንገርህ።

መጀመሪያ ሳድሉን ተወው። ኢንቶኔሽን (ክሩ ክፍትም ፍሬት ላይ ሲያዝም ልክ እንዲሆን የሳድሉን ቦታ ማስተካከል) የመጨረሻ ሥራ ነው። ብሪጁ፣ አንገቱና የፒክአፑ ከፍታ ሳይስተካከሉ ሳድል መግፋትና መሳብ ድካም ብቻ ነው። የ6ኛውን ሳድል ከ1ኛው ክር ሳድል 3 ሚሜ ያህል ወደ ኋላ አድርገህ አቁመው፤ ለጊዜው ይበቃል።

አሁን ምክንያቱ። 648 ሚሜ ርዝመት ባለው ጊታር 9–42 ክር በመደበኛው ቅኝት በጠቅላላው ወደ 38 ኪሎ ይስባል። 10–46 ሲሆን ወደ 46 ኪሎ ይደርሳል። የተጨመረው ስምንት ኪሎ ከኋላ ያሉትን ሞላዎች አሸንፎ ብሪጁን ያነሳዋል፣ አንገቱንም ወደ ፊት ያጎብጠዋል። ክሩ የራቀው በሁለቱም ነው። ክር ሲርቅ ደግሞ ጣት ፍሬቱ ጋ ለማድረስ አብዝቶ ይለጥጠዋል፤ የተያዘው ድምፅ ሁሉ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል።

የኋላውን ሽፋን ክፈት። ሞላዎቹ የተያዙበት ጥርሳም ብረት በሁለት ረጃጅም ብሎኖች ከእንጨቱ ጋር ታስሯል። ሁለቱንም እኩል ግማሽ ዙር አጥብቅ፣ ስድስቱንም ክሮች መልሰህ ቃኝ፣ ከዚያ ብሪጁን ከጎን እይ። የብሪጁ ሳህን ጀርባ ከጊታሩ ገላ ከ2.5 እስከ 3 ሚሜ ቢነሳ ጥሩ ነው። ሳትቃኝ አትፍረድ፤ በተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ አንዱን ክር ስታጠብቅ ሌሎቹ አምስቱ ይወርዳሉ፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ መዞር የግድ ነው። ብሎኖቹ እስከ መጨረሻው ገብተው ብሪጁ አሁንም ከፍ ካለ አንድ ሞላ ጨምር፤ ሦስት ከነበረ አራት ይሁን።

ቀጥሎ አንገቱ። 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) እሰር፣ 6ኛውን ክር አንገቱ ከገላው የሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫን፣ 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት እይ። 0.25 ሚሜ አካባቢ ይሁን። መለኪያ ስስ ብረት ከሌለህ ከ1ኛው ክር ተቆርጦ የቀረውን ጫፍ ተጠቀም፤ የ10 ክር ውፍረቱ ራሱ 0.25 ሚሜ ነው። እየነካካ ካለፈ ልክ ነው። በሰፊው ካለፈ ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ) በሰዓት አቅጣጫ አጥብቅ፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አትለፍ፣ ቃኝ፣ እንደገና ለካ። ዕንጨቱ ቀስ እያለ ስለሚከተል በማግስቱም ተመልከተው። ቁልፉ እምቢ ካለ አታስገድደው። ትራስ ሮድ ከተበጠሰ ነገሩ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ከዚያ የክሩ ከፍታ፦ 17ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር 1.6 ሚሜ። በያንዳንዱ ሳድል ላይ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን ብሎኖች እኩል አዙር፣ ሳድሉ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘም። የሚዝዝ ድምፅ ከመጣ ቦታውን ለይ። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ላይ ብቻ የሚዝዝ ከሆነ አንገቱ ከመጠን በላይ ቀጥ ብሏል። ክፍት ሲመታ ብቻ ከሆነ የነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉበት ባለቦይ ቁራጭ) ቦይ ጠልቋል። ከ12ኛው በላይ ከሆነ ሳድሉ ወርዷል። አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ፍሬት ተነስቷል፤ ሦስት ፍሬት የሚሸፍን ቀጥ ያለ ብረት አጋድመህ ቢወዛወዝ መሃለኛው ነው።

«ጢን» የሚለው ነት ነው። 3ኛው ክር ከ0.41 ወደ 0.43 ሚሜ፣ 6ኛው ከ1.07 ወደ 1.17 ሚሜ ወፍሯል፤ ለ9 የተቆረጠ ቦይ ይጨብጣቸዋል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ቤንድ አድርገህ ልቀቅ፣ ቱነሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። አሁን በነቱና በመቃኛ ቁልፉ መካከል ያለውን የክሩን ክፍል በጣትህ አንዴ ጫን አድርገህ ተወው። ድምፁ ወደ ቦታው ከተመለሰ ወይም ከዚያም ካለፈ ክሩን የያዘው ነቱ ነው፤ መቃኛ ቁልፍ ለመቀየር አትቸኩል።


ዘጠነኛ_ፍሬት

ለነቱ የእርሳስ ቅባት ይበቃዋል። ክሩን ከቦዩ አውጥቶ ለስላሳ እርሳስ (2ቢ ወይም 4ቢ) ቦዩ ውስጥ መፈግፈግ፣ ክሩን መመለስ። ሞረድ ሳይነካ የሚፈታ ነገር ነው።


ሮዝውድ

እርሳስ ፍትጊያን ይቀንሳል፣ የጠበበ ቦይን ግን አያሰፋም። ቦዩ ሰፊ ሆኖ ሻካራ ከሆነ ያንተ ይሠራል። እዚህ ግን ክሩ ከቦዩ ስለወፈረ ከሁለቱም ጎን ተነክሷል፤ ለጥቂት ቀን ይሻልና ይመለሳል።

ትክክለኛው ነገር ጎኑን ማስፋት ነው። ለጋዝ ብየዳ ጫፍ ማጽጃ የሚሸጡት ጥቃቅን ክብ ሞረዶች ለዚህ ይሆናሉ፤ ከክሩ ውፍረት 0.05 ሚሜ ያህል የሚበልጠውን መርጦ ወደ መቃኛ ቁልፉ ትንሽ አዘቅዝቆ ጎንና ጎኑን ብቻ መሞረድ። ታቹን መንካት የለም። ጥልቀቱን ለማየት ክሩን 3ኛው ፍሬት ላይ ተጫንና 1ኛው ፍሬት ላይ እይ፤ የወረቀት ውፍረት ያህል ክፍተት መኖር አለበት። ክሩ 1ኛውን ፍሬት ከነካ ቦዩ አልቆለታል፣ ነቱ ይሞላል ወይም ይቀየራል። ሞርደህ ስትጨርስ እርሳሱን ቀባ፣ እዚያ ላይ አንለያይም።


ሶልደር

ወደ ፒክአፑ ልምጣ፤ ከጥያቄው ሁሉ ቁልፉ ያለው «ወደ ክሮቹ ተጠግቷል» የምትለዋ ላይ ነው።

የነጠላ ኮይል ፒክአፕ ምሰሶዎች በተለምዶ ራሳቸው ማግኔት ናቸው፣ ክሩ ደግሞ ብረት ነው። ማግኔቱ ሲጠጋ ክሩን ወደ ታች ይስበዋል። ክሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲርገበገብ ያለው ፍጥነት ወደ ጎን ሲርገበገብ ካለው ያንሳል፤ አንድ ክር ላይ የተቀራረቡ ሁለት ድምፆች ተፈጥረው እርስ በርስ ይጋጫሉ። የምትሰማው መወዛወዝ ያ ነው፣ ቱነሩም የትኛውን እንደሚያነብ ይቸግረዋል። ወፍራሞቹ ክሮች ላይ የሚብሰው ብረታቸው ስለሚበዛ ነው። ከ12ኛው ፍሬት በላይ የሚብሰው ደግሞ ጣትህ ክሩን ወደ አንገት ፒክአፑ ስለሚያወርደው ነው። ይህን ሳድል አያስተካክለውም፤ እስከ መጨረሻው ብትስበውም ለውጥ ያላየኸው ለዚህ ነው።

ማስተካከያው፦ 6ኛውን ክር መጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫን፣ ከክሩ ሥር እስከ ምሰሶው አናት ለካ። 2.4 ሚሜ ይሁን። በ1ኛው ክር በኩል 2 ሚሜ። ሦስቱንም ፒክአፖች በዚህ ጀምር፣ ከዚያ በጆሮህ አመጣጥን። የአንገቱ ፒክአፕ ከብሪጁ ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ ምንም አይደለም፤ ክሩ እዚያ ጋ ሰፋ ብሎ ስለሚርገበገብ በተፈጥሮው ይጮሃል።

ታዲያ ለምን ደከመ? ራስህ ነግረኸናል። በ2ኛ ቦታ የብሪጁና የመሃሉ ፒክአፖች አብረው ይሠራሉ፤ የመሃሉ ጥቅሉም ማግኔቱም ተገልብጦ የተሠራ ከሆነ ሁሙ ይጣፋል፣ ባንተም ይጠፋል። በ4ኛ ቦታ የአንገቱና የመሃሉ አብረው ሲሠሩ እንደዚያው መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም። የሚያጣፋው ሌላው ኮይል እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ቤዝ የሌለው ቀጭን ድምፅም የተበጠሰ ኮይል ምልክት ነው፤ በተበጠሰው ሽቦ ሁለት ጫፎች መካከል ከፍተኛው ድምፅ ብቻ ሾልኮ ያልፋል። ኮይሉ ቢሞትም ማግኔቱ ግን አልሞተም። ከፍ በማድረግህ ድምፅ አልተጨመረም፣ ክሩን መሳቡ ግን ተጨምሯል።

ሳትፈታ አረጋግጥ። ኬብል ጊታሩ ላይ ሰካ፣ አምፕ ላይ አትሰካ፣ ቮልዩሙን ሙሉ ክፈት። ቴስተሩን 20 ኪሎ ኦም ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ በኬብሉ መሰኪያ አናት፣ ሌላውን በእግሩ ያዝና አምስቱን ቦታ አንብብ። አንድ ነጠላ ኮይል ብዙውን ጊዜ ከ5.5 እስከ 6.5 ኪሎ ኦም ያነባል፤ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ግማሹን፣ ወደ 3። የ250 ኪሎ ኦም ቮልዩም በጎን ስላለ ንባቡ ከእውነተኛው ትንሽ ያንሳል፣ አያሳስብም። ዜሮ አካባቢ ካነበበ ጃኩ ላይ ሁለቱ ምላሶች ተነካክተዋል። ቴስተሩ ከልኩ ውጪ ካለህ ወደ ሚቀጥለው ከፍ አድርግና ንገረን።

ሁሙን በተመለከተ፣ ክሩን ስትነካ መቀነሱ የብሪጁ ግራውንድ ደኅና መሆኑን ያሳያል። የኋላውን ሽፋን ስትከፍት ሞላ የያዘው ብረት ላይ የተበየደች ሽቦ ታያለህ፤ እሷ ናት፣ ብሎኑን ስታጠብቅ እንዳትበጥሳት። ስትነካ ሁሙ የሚጨምር ቢሆን ኖሮ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተለዋውጠዋል እልህ ነበር። ክሩ እጅን የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ነገሩ የጊታር ጉዳይ አይደለም፤ የአምፑ ወይም የግድግዳው ሶኬት ግራውንድ ጠፍቷል፣ ወዲያው ነቅሎ ሳያስጠግኑ አለመንካት ነው።


ስድስተኛ_ክር

እግዜር ይስጥልኝ። ንባቡ፦ 1ኛ ቦታ 6.3፣ 2ኛ ቦታ 3.1፣ 3ኛ ቦታ 5.9፣ 4ኛ ቦታ 5.9፣ 5ኛ ቦታ 243 ኪሎ ኦም። የአንገት ፒክአፑ ከክሩ 1 ሚሜ ላይ ነበር፤ ወደ 2.4 ስወርድ መወዛወዙ ጠፋ፣ ቱነሩ ረጋ። ብሪጁም 3 ሚሜ ላይ ተቀምጧል። አሁን ኮይሉ ነው ወይስ ሽቦው?


ሶልደር

243 የቮልዩሙ ራሱ ንባብ ነው፤ ፒክአፑ ከመስመሩ ወጥቷል። 4ኛው ከ3ኛው ጋር እኩል መሆኑም ያንኑ ይናገራል።

መምረጫውን 1ኛ ቦታ ላይ አድርገው። ያኔ የአንገቱ ፒክአፕ ሙቅ ሽቦ (ድምፁን የሚያወጣው) ከሌላው ስለሚለይ ምንም ሳትፈታ መለካት ትችላለህ። ክሮቹን አላልተህ የፊት ሽፋኑን ብሎኖች ፍታ፣ ገልብጠው። ፒክአፑ ሥር ሁለት የመዳብ ቀለበቶች አሉ፣ ሁለቱ ሽቦዎች የተበየዱባቸው። እዚያ ላይ ለካ። 6 ካነበብህ ኮይሉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ በሽቦው ወይም በመምረጫው ምላስ ላይ ነው፣ ሁለቱንም ጫፍ እንደገና በይድ፣ ካልሆነ መምረጫው ውስጥ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ነፍተህ ደጋግመህ አንቀሳቅስ።

እዚያም ምንም ካላነበበ ኮይሉ ነው፣ ግን ገና ተስፋ አትቁረጥ። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል፣ 0.06 ሚሜ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው ከጥቅሉ ወጥቶ ቀለበቱ ጋ በሚደርስበት አንድ ሴንቲሜትር ላይ ነው። በአጉሊ መነጽርና በጥሩ መብራት ሁለቱንም ቀለበቶች ተመልከት። የተበጠሰው ከጥቅሉ ውጭ የሚመጣው የመጨረሻ ጫፍ ከሆነ አንድ ዙር ፈትተህ ታመጣዋለህ። ቫርኒሹን ጫፉ ላይ ብቻ በስስ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ጥረግ፣ ቀለበቱ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥም፣ ብየዳ ብረቱን ለሁለት ሰከንድ ብቻ አስነካ። አንድ ዙር ከብዙ ሺህ ቢጎድል ድምፁ ላይ አይታወቅም። ከውስጥ የሚነሳው ጫፍ ከሆነ ግን ከጥቅሉ ሥር ስለሆነ በእጅ አይደረስበትም፤ ኮይሉ እንደገና ይጠቀለላል ወይም ፒክአፑ ይቀየራል። ከቀየርክ ከመሃሉ ጋር በ4ኛ ቦታ ሁሙ መጥፋቱን እይ። ሁሙ ሳይጠፋ ድምፁም የሳሳ ከሆነ ሁለቱ ተቃራኒ ፌዝ ላይ ናቸው (የአንዱ ድምፅ የሌላውን ያጠፋል)፤ የአዲሱን ሁለት ሽቦዎች አለዋውጥ። ፒክአፑ የብረት ሽፋን ካለው ግን የሽፋኑን ግራውንድ መጀመሪያ ለይ።


ሮዝውድ

ይህ ሲያልቅ ኢንቶኔሽኑን ሥራ። ክሩን ክፍት ቃኝ፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ስትጫወት የምትጫነውን ያህል ብቻ ተጫን። ከፍ ካለ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ። ጊታሩን ስትጫወት እንደምትይዘው አድርገህ ለካ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ አይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ክሮቹን እርስ በርስ በ5ኛና በ7ኛው ፍሬት ሃርሞኒክ የሚቃኝ ሰው በያንዳንዱ ጥንድ 2 ሴንት (የግማሽ ድምፅ ሁለት መቶኛ) ያህል ስህተት እያጠራቀመ ይሄዳል፤ የሃርሞኒኩ አምስተኛ ከፍሬቱ አምስተኛ ትንሽ ይሰፋልና። ጊታሩ ምንም ችግር ሳይኖርበት ኮርድ ላይ ይበላሻል። ሁሉንም በቱነር፣ ሁልጊዜም ከታች ወደ ላይ እየወጡ መቃኘት።


ቀጭኗ_ክር

እዚሁ ልጠይቅ። የአኮስቲክ ጊታር ሳድል ሥሩ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ዝቅ ተደርጓል። ያለ አምፕ ሁሉም ክር እኩል ነው፤ በአምፕ ግን 2ኛው ክር (ቢ) ሊሰማ አይችልም፣ 1ኛው ይጮሃል። ፒክአፑ ከሳድሉ ሥር ያለው ፒዬዞ ነው። ባትሪውን ነው የምቀይረው?


ሮዝውድ

እህቴ፣ ባትሪ ሁሉንም ክሮች እኩል ያደክማል ወይም ያሻክራል፤ አንዱን ብቻ አይመርጥም። በቴስተር ለኪው፣ የ9 ቮልቱ ባትሪ ከ7.5 በታች ከወረደ ለሌላ ምክንያት ቢሆንም ቀይሪው። ኬብሉን ከጊታሩ መንቀልንም ልማድ አድርጊው፤ ባትሪውን የሚያበራው ጃኩ ውስጥ የሚገባው መሰኪያ ነው፣ ተሰክቶ ካደረ ባትሪው እያለቀ ያድራል።

ያንቺ ችግር ሳድሉ ሥር ነው። ፒዬዞ የሚሰማው ጫናን ነው፤ በእጅ የተፋቀ ሥር ደግሞ ጫፎቹ ክብ ይሆናሉ ወይም መሃሉ ይጎደጉዳል። 2ኛው ክር ሥር አየር ካለ ጫናው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፣ 1ኛው የሚጮኸው ለዚህ ነው። ክሩን አላልተሽ ሳድሉን አውጪና ሥሩን በሙሉ በእርሳስ አጥቁሪው። ወፍራም መስታወት ላይ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ዘርጊ፣ ሳድሉን ቀጥ ባለ የእንጨት ቁራጭ ጎን አስደግፈሽ ቀጥ እንዳለ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳቢ። እርሳሱ ሳይነካ የቀረበት ቦታ ጉድጓዱ ነው። እርሳሱ በሙሉ እኩል እስኪጠፋ ቀጥዪ፣ ከዚያ አቁሚ። ከሳድሉ 1 ሚሜ ሲቀነስ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ የሚወርደው 0.5 ሚሜ ነው፤ ስለዚህ ለማስተካከል የምትፍቂው ጥቂት ከሆነ ከፍታው ብዙም አይነካም። ለብረት ክር አኮስቲክ 12ኛው ፍሬት ላይ በ6ኛው 2.4፣ በ1ኛው 1.8 ሚሜ አካባቢ ይመቻል።

ሳድሉ ቦዩ ውስጥ በጣት ተገፍቶ የሚገባ፣ ሲገለበጥ ግን የማይወድቅ ይሁን። ከጠበቀ ጎኖቹ ጫናውን ተሸክመው ወደ ፒዬዞው አያደርሱትም። ቦዩ ውስጥ የእንጨት ፍርፋሪ እንዳይቀር በደረቅ ብሩሽ ጥረጊ፣ ፒዬዞው ያለ እጥፋት ተኝቶ እንደሆነ እይ። ከደከመው ክር ሥር ወረቀት አጥፎ መክተት የሚመክሩ አሉ፤ አታድርጊው፣ ችግሩን ወደ ቀጣዩ ክር ነው የሚያዞረው። ሥሩም ቦዩም ልክ ሆኖ ያው 2ኛው ክር ዝም ካለ፣ ሳድሉን ሳታስገቢ አምፑን ዝቅተኛ ድምፅ ላይ አድርገሽ ፒዬዞውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርሳስ ላጲስ ቀስ እያልሽ ነካ ነካ አድርጊ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፅ ከጠፋ ፒዬዞው እዚያ ላይ ተሰንጥቋል፣ መቀየር ነው ያለው።